መስኮቱ ሥር ያለችው ጠረጴዛህ

ውዴ ዘውዱ፣

ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው ገብስ ታጭዶ ወደ ብቅል ፋብሪካው እየተጫነ ነው። ደህና ነን። ልጃችን ሂሩት ስድስተኛ ክፍል ገባች፤ ቁመቷም ግትርነቷም ያንተው ነው። ከቀበሌ ስብሰባ በተረፈኝ እሑድ የሚያፈሰውን ጣራ አስጠገንኩ። አንተ «ነገ፣ ነገ» ስትለው የከረመውን ጣራ ማለቴ ነው።

የጻፍኩልህ ግን ስለ ጠረጴዛህ ነው። ከአዲስ አበባ ለልምምድ የሚመጡት የሕክምና ተማሪዎች በመጽሐፍ ያጠኑትን በሽታ ሕመምተኛው ፊት ሲቆሙ እየረሱት ስላስቸገሩህ፣ ማይክሮስኮፑን ከላቦራቶሪ አውጥተህ እኔ በማስታምምበት የሴቶች ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ያኖርክባት ጠረጴዛ። ደንብም ነበረህ፤ የናሙናውን ባለቤት ስም ጠይቆ ሰላም ያላለ ተማሪ ማይክሮስኮፑን አይነካም። በዚያ በጎጃም ኦሮምኛህ «አካም ጅርቱ» ብለህ ደህንነታቸውን ስትጠይቃቸው ሕመምተኞቹ ሕመማቸውን ረስተው ይስቁብህ ነበር።

አንተን ከቀበርን በኋላ፣ ጓድ ዶክተር የምንለው አዲሱ ሐኪም ክፍሉ አቧራ አለው ብሎ ሁሉንም ወደ ላቦራቶሪ መለሰው። አቧራውስ እውነት ነው። ቢሆንም ዳግመኛ የቀበርኩህ ያህል ከፋኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሳጉሬ አንዲት እናት አንገታቸው አብጦ ተኙ። ከእብጠቱ በመርፌ የተቀዳውን ተማሪዎቹ ላቦራቶሪ ሆነው እያዩ፣ ገሚሱ ካንሰር ነው፣ ገሚሱ ቲቢ ነው እያለ ሲከራከሩ አረፈዱ። በመጨረሻ ሐኪሙ ሴትዮዋን ማን አይቷቸዋል ብሎ ጠየቀ። ማንም አላያቸውም፤ እሱም ጭምር። ማይክሮስኮፑን ታቅፎ ወደ ክፍላችን መጣ፤ ተማሪዎቹም ጠረጴዛዋን ተሸክመው ተከተሉት። ሴትዮዋ ሌሊት ላብ እንደሚያጠምቃቸው፣ ባላቸውም ሲያስሉ ከርመው እንደሞቱ ተናገሩ። ናሙናውን ለቲቢ ቀለም ቀብተው ደግመው ሲያዩት ጀርሙ ተገኘ። እሳቸውም የኔ ከሆነ እኔም ልየው ብለው ሁለቱንም ዓይናቸውን ጨፍነው አዩት። እንዴት እንደሳቅን!

መድኃኒት ጀምረዋል፤ እህልም ይቀምሳሉ። ጠረጴዛዋም እዚያው ቀረች። ሐኪሙ ስለ አሠራርህ ሲጠይቀኝ ደንብህን ነገርኩት።

ዛሬ ጠዋት አንዲት ተማሪ ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ ካለች በኋላ ደንብህ ትዝ ብሏት ቀና አለች። ወደ አልጋው ዞራ፣ «አካም ጅርቱ፣ እናቴ? ስምዎን ማን ልበል?» አለች። አንተን በዓይኗ አይታህ አታውቅም። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

ለማይክሮስኮፑ ብርሃን እንዲገባ መጋረጃውን ጠዋት ጠዋት የምከፍተው እኔ ነኝ። አንተ የሰዉን ሁሉ ስም ስትጠይቅ ኖረሃል፤ ያንተን ስም ደግሞ እኔ እያለሁ ማንም አይረሳውም።

ያንተው አስካለ