በአውራ ጣቴ የሸፈንኩት ስምሽ

አምቦ፣ ጥር 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ነዒማዬ፣ የእናቴ ልጅ፤

ወራቤ እንዴት ናችሁ? ልጆቹስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እኔን ደህና ያልኩት የሐኪም ቤቱ ወረቀት እንደዚያ ስለሚል ነው። ስልክ ትቼ ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ፋሩቅ ሰሞኑን ከአጠገቤ አልነሳ ስላለ ነው። ባሌ ከአጠገቤ አልነሳ አለ! ይህን ከኔ አፍ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? አሁንም ለዙህር መስጊድ እስኪሄድ ጠብቄ ነው። የአጎታችን ልጅ ፈዲሉ ነገ ወደዚያ ስለሚወርድ በእጁ ያደርስልሻል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ቀንቼብሻለሁ። አምና የእንቅርት ኦፕራሲዮን ተደርጎልሽ እኛ ቤት ስታገግሚ ነው የጀመረኝ። በእንግዳ ቀናሁ፣ ያውም በታመመ እንግዳ፣ ያውም በእህቴ። ምን ላድርግ? ያንቺ አንገት አብጦ አገር አየው። ፋሩቅ ከእናቱ አገር ከጎጆ ከተማ ማር አስመጣልሽ፣ ሬዲዮኑን ዝቅ አደረገልሽ። የሱን ሬዲዮ ታውቂው የለ? ከፈጅር ሶላት ጀምሮ ቤቱንም ሱቁንም ይንጠዋል። እኔ ሁለት ልጅ ስወልድለት ዝቅ ያላለው ሬዲዮ ላንቺ አንገት ዝቅ አለ።

የኔስ የት ይታያል? ታይሮይድሽ ሰንፏል ተብዬ ክኒን ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ እውጣለሁ፣ አንድ ቀን ዘልዬ አላውቅም። እና ምን ተገኘ? በዚህ በጥር ፀሐይ ሁለት ካልሲ ደርቤ እውላለሁ። ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ እየቀረ ነው። ሱቅ ቆሜ ደንበኛ ስኳር ሲለኝ ሳሙና አቀብላለሁ። ተኝቼ ስነሳ ጆንያ ስሸከም ያደርኩ ነው የምመስለው። ሦስት ጊዜ ደም ሰጠሁ፣ ሦስቱም ኖርማል! የላብራቶሪዋ ልጅ ዲቦራ «ደስ ይበልሽ እንጂ» ትለኛለች። ሐኪሙም መድኃኒቱ ልኩን ይዟል፣ ጭንቀት ቀንሺ አለኝ። ፋሩቅማ የመጀመሪያውን ወረቀት ለደንበኛው ሁሉ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ደከመኝ ባልኩ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ «ወረቀቱ ምን አለ?» ደግሞ ይጨምርልኛል፤ «ነዒማ ያን ያህል ታማ እንኳ ትስቅ ነበር።» ወይ ሳቅሽ! እሱስ ያቃጥለኛል።

ባለፈው ሰኞ ለአራተኛ ጊዜ ሄድኩ። ዛሬስ ይገኝልኝ ብዬ ዱዓ አድርጌ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በሽታ ይገኝልኝ ብሎ የሚለምን ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ኖርማል። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ቤት ስገባ ሳጥኔ ውስጥ ረስተሽው የሄድሽውን የምርመራ ወረቀቶችሽን ፌስታል አወጣሁ። ከልክ ማለፉን የሚያሳይ ቀስት ወደ ላይ የተሳለበትን መረጥኩ። ፋሩቅ ፊት ዘርግቼ ስምሽን በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት። የቀረው «ሙሂዲን» ነው፤ የአባታችን ስም እንደሆነ ያንቺም የኔም ነው። «ሙሂዲን» ብሎ አነበበ፣ ቀስቱን አየ፣ ቀኑን ልብ አላለውም። ከዚያ ሄዶ ሬዲዮኑን ዝቅ አደረገ።

ነዒማ፣ እንዴት እንደጣፈጠኝ! በየቀኑ «አካም ጅርታ» ብሎኝ የሚያልፈው ጎረቤታችን ኦቦ ሙለታ እንኳ ቆሞ «ረቢ ሲ ሃፈይሱ»፣ ፈጣሪ ይማርሽ ብሎ መረቀኝ። የፋሩቅ እናት ያን ክፉ መንገድ ችለው ከጎጆ በግ ይዘው መጡ፤ ለሰደቃ ታረደ። በኔ ውሸት በግ አለቀ እልሻለሁ! እኔም ጋቢ ተደርቦልኝ መረቁን ፉት አልኩ፣ ቅንጣት አላፈርኩም።

ማፈር የጀመርኩት ትናንት ነው። ለካ ፋሩቅ እሁድ ሱቁን ዘግቶ አንቺን ወዳከመሽ ሐኪም አዲስ አበባ ሊወስደኝ አስቧል። አድራሻውን ሊጠይቅሽ ይደውላል። ሐኪሙ ደሜን እንደገና ሲያይ የሚለውን እኔም አንቺም እናውቃለን። ሕመሜ እኮ እውነት ነው፤ ውሸቱ ወረቀቱ ብቻ ነው። እውነቴን ያላመነኝ ሰው ውሸቴን አመነኝ። ውሸቱ ሲወጣ ግን እውነቴንም ይዞት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ብሞት እንኳ እያስመሰለች ነው ነው የሚለው።

ስለዚህ ወረቀትሽን ከዚህ ጋር አጥፌ መልሼልሻለሁ። እዚህ ከቆየ ደግሜ አወጣዋለሁ፣ ራሴን አውቃለሁ። ከእሁድ በፊት እኔው እነግረዋለሁ። ደውሎ ሲያፋጥጥሽ እንዳትዋሺልኝ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪልኝ። እኛ ቤት ሳለሽ ከጎኔ ተኝተሽ እግሬ ቢነካሽ «ውይ ሹኩሪያ፣ እግርሽ እንዲህ የሚቀዘቅዘው ምን ሆነሽ ነው?» ብለሽ ያንቺን ብርድ ልብስ ደረብሽልኝ። አንገትሽ ገና በፋሻ እንደተጠቀለለ። ያን ንገሪው። ካንቺ በቀር ያየልኝ የለም። አንቺን ደግሞ ያምንሻል፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ስትነግሪው ብዙ አትሳቂ።

አላህ አንገትሽን ከነጠባሳው ይጠብቅልኝ። ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ከእንግዲህ ሐኪም ቤት ሳይሆን ሰርግ ቤት ያገናኘን።

ኖርማሏ እህትሽ፣
ሹኩሪያ ሙሂዲን

ማስታወሻ፦ ፋሩቅ ከመስጊድ ሲመለስ ደብዳቤውን ጋቢዬ ውስጥ ደብቄ ጋደም አልኩ። አሁኑኑ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። የተኛሁ መስሎት በእግሩ ጣት ሄዶ ሬዲዮኑን ጭራሽ አጠፋው። ነገ እነግረዋለሁ፤ ዛሬን ብቻ ልተኛበት።