ለሁለተኛዋ ተጠሪ የተተወው መልእክት

ለተከበረው የኮሌጁ የተማሪዎች የውጭ ጉዞ ቢሮ፤
ለኃላፊው፣ ለምክትል ኃላፊዋና በተለይም ስልክ ለሚደውለው ክፍል፤
ቶሮንቶ።

ክቡራንና ክቡራት፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርማችኋል እላለሁ። ወንበር የወገባችሁን ጤና እንዳይነሣ፣ ኮምፒውተር ዓይናችሁን እንዳያደክም፣ ከሁሉም በላይ ጆሯችሁን አምላክ እንዲጠብቅላችሁ ከልቤ እለምናለሁ፤ የጆሮውን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ባትጠይቁኝም።

ስሜ ጥሩነህ ባህሩ ነው። የምኖረው ሴንት ጄምስ ታውን፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በዚህ ነሐሴ የአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንዴት እንደሚጠገን እንዲማሩ ወደ ኦህሪድ፣ ወደዚያች ሐይቅ ዳር ወዳለች ጥንታዊት የባልካን ከተማ፣ ከላካችኋቸው አሥራ ሁለት ተማሪዎች መካከል የአንዷ፣ የአክሱማዊት፣ አባት ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ስለሆንኩ፣ በአጻጻፌ ላይ ጉድለት ብታገኙ እንደ ልማዳችሁ እያያችሁ እንዳላየ እለፉት።

ደብዳቤውን በአማርኛ መጻፌ ግር እንዳይላችሁ። ለተማሪዎቹ ባዘጋጃችሁት ባለ አርባ ስድስት ገጽ የእንኳን ደህና መጣችሁ መጽሐፍ፣ ገጽ ሦስት ላይ፣ የአገሩ ሰው በራሱ ቋንቋ ሲያወራችሁ ባይገባችሁም በፈገግታ አዳምጡት ብላችኋል። እኔም ይህንኑ ፈገግታ ከእናንተ ተስፋ አድርጌ ነው በራሴ ቋንቋ የማወራችሁ። መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሁለቱን ጊዜ ለብቻዬ፣ አንዱን ጊዜ እንግሊዝኛው ሲጠነክርብኝ ከጎረቤቴ ከወይዘሮ ሀፍሳ ጋር። ስለዚህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ጫማ አራት ገጽ ጽፋችኋል። የከተማይቱ መንገድ ዳገትና ቁልቁለት መሆኑን፣ የድንጋይ ንጣፉ እንደሚያዳልጥ፣ ሶሉ ምን ዓይነት ቢሆን እንደሚሻል በሥዕል ሳይቀር አሳይታችኋል። በአንጻሩ ለዓመቱ ቀናት ሁሉ አንድ አንድ ቤተ ክርስቲያን አላት ተብሎ በሚወራላት በዚህች ከተማ፣ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ የተጻፈው ሦስት መስመር ነው፤ መግቢያ ይከፈላል፣ ፎቶ ማንሣት አይፈቀድም፣ ትከሻ ይሸፈን። ሰው እዚያ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ አልተጻፈም። ተማሪዎቹ በራሳቸው ጥረት እንዲደርሱበት ስለተዋችሁላቸው አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ገጽ አሥራ ሰባት ላይ «የባህል ድንጋጤ» የሚል ምዕራፍ አለ። እዚህ ምዕራፍ ውስጥ፣ ተማሪዎቹን በቤታቸው የሚያሳድሩት የከተማይቱ እናቶች የማን ልጅ እንደሆናችሁ ሊጠይቁ ይችላሉ፣ ብሉ እያሉ ያስቸግራሉ፣ አንድ ጊዜ በቃኝ ማለት ስለማይበቃ ሦስት ጊዜ ኮስተር ብላችሁ እምቢ በሉ፣ ጫማችሁን በር ላይ ያስወልቃሉ፣ እንዲሁም ሁለት መስኮት ፊት ለፊት ተከፍቶ ነፋስ ካሳለፈ ሰው ይታመማል ብለው ያምናሉ፣ እምነቱ ሳይንሳዊ መሠረት ስለሌለው በትዕግሥት እለፏቸው ይላል። ወይዘሮ ሀፍሳ እዚህ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው እስኪበቃቸው ሳቁና ይሄማ ስለ እኛ ፎቅ ነው የተጻፈው አሉኝ። ባለቤቴ የኔነሽ፣ ነፍሷን በገነት ያኑርልኝና፣ የአውቶቡስ መስኮት ለማዘጋት ከማታውቀው ሰው ጋር ስትሟገት ነው ቶሮንቶ ውስጥ ዕድሜዋ ያለቀው። ልጄ ከእናቷ ቤት ወደ እናቷ ቤት ስትሄድ እንዳትደነግጥ ምዕራፍ ስላዘጋጃችሁላት ውለታችሁ አለብኝ።

ሦስተኛ፦ የፖርታላችሁ፣ የዚያ የኢንተርኔት መመዝገቢያችሁ፣ ፎርም። ሁለት የአደጋ ጊዜ ተጠሪዎች ካልተሞሉ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። እኔ አንድ ነኝ። ሁለተኛውን ቦታ ባዶ ተውኩት፣ ቀላ። ሰረዝ አደረግኩበት፣ ቀላ። የሉም ብዬ ጻፍኩበት፣ የስልክ ቁጥራቸውን ያስገቡ አለኝ። ቢሮአችሁ ብደውል አንድ ትሑት ወጣት ሲስተሙ ስለማይቀበል የምታምኑትን ሰው አስገቡ አለኝ። ጥያቄውን መልሼ አነበብኩት፤ ተማሪዋ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ማወቅ ያለበት ሁለተኛው ሰው ማን ነው ይላል። ለዚህ ጥያቄ እኔ ሌላ መልስ ኖሮኝ አያውቅም። የኔነሽ ብዬ ጻፍኩ፤ ዝምድና፣ እናት። ስልኳ ከሦስት ዓመት በፊት እሷ ስታርፍ አልተዘጋም፤ ለምን እንዳልተዘጋ ፎርሙ ስለማይጠይቅ እኔም አልመልስም። ቁጥሩን አስገባሁ፣ ፖርታሉ አረንጓዴ ሆነ፣ «እናመሰግናለን» አለኝ።

ዋሽቻለሁ። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ፤ አሁን ደግሞ ለእናንተ በአደባባይ እናገራለሁ። ወይዘሮ ሀፍሳም በኋላ ሲሰሙ፣ ከግድግዳው ማዶ እኔ ቁጭ ብዬ እያለሁ የሙት ስም ትጽፋለህ ብለው ተቆጥተውኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ አላሰብኳቸውም ነበር።

አራተኛ፦ አሁን ወደ ጆሮው ልምጣ። ነሐሴ ዘጠኝ ቀን ተማሪዎቹ ከከተማይቱ በላይ ወዳለው አሮጌ ምሽግ ሲወጡ፣ ልጄ ያ አራት ገጽ በተጻፈለት የድንጋይ ንጣፍ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች፤ ቀኝ እጇም አንጓው ላይ ተሰበረ። የቡድን መሪያችሁ ክሊኒክ አደረሷት፤ ለዚህ ያለ ምንም ሽሙጥ አመሰግናቸዋለሁ። ከዚያ ለቢሮአችሁ አስታወቁ፣ ቢሮአችሁም ለእኔ ደወለ። አንድ ጊዜ። በእኛ በቶሮንቶ ለሰባት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ነበር፤ እኔ የፍልሰታ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ነበር፣ ስልኬም እንደ ደንቡ ተዘግቷል። ለልጄ እየጸለይኩ ስለ ልጄ የሚጠራውን ስልክ ዘግቼው ነበር ማለት ነው፤ ይህን የምጽፈው እናንተን ለመውቀስ አይደለም፣ ሐሳቡ አልለቀኝ ብሎ ነው። ሳላነሣ ስቀር ለእኔ መልእክት ሳትተዉ በመመሪያችሁ መሠረት ወደ ሁለተኛዋ ተጠሪ ተሻገራችሁ፤ እሷም አላነሣችም፣ መልእክት ተዋችሁላት፣ ፖርታሉም ላይ «እናት እንዲያውቁ ተደርጓል» ብላችሁ ጽፋችሁ ፋይሉን ዘጋችሁ።

ቃሉ በዚህ አላበቃም። የቡድን መሪያችሁ ይህንኑ ክሊኒክ አልጋ ላይ ለተኛችው ልጅ አደረሱላት፤ እናትሽ ተነግሯታል አሏት። አክሱማዊት እናቷን የቀበረችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ራሷን ገና እያዞራት ስለነበር ይሁን ወይም ልታርማቸው ስላልፈለገች፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻቸው፦

«ምን አለች?»

መሪያችሁ ደግ ሰው ይመስሉኛል፤ የሚያጽናና ቃል ፈለጉና «አይዞሽ ብላለች» አሏት። ልጄ አለቀሰች። ሪፖርታችሁ «ተማሪዋ በሕመሙ ምክንያት አልቅሳለች» ይላል።

በዚህ ላይ ልቆጣችሁ ብዬ ብዕር ካነሣሁ ስንት ቀኔ ነው፤ አልሆነልኝም። ቃሉ የኔነሽ ራሷ የምትለው ቃል ነው። ባለፉት ሦስት ዓመታት ከእሷ ዘንድ መልእክት ያመጣልን ቢሮ የእናንተ ብቻ በመሆኑ፣ በሥራ ቅልጥፍና የሚወዳደራችሁ ያለ አይመስለኝም።

ነገር ግን ልጄ የእናቷ ስልክ እኔ ዘንድ መሆኑን ታውቃለች። ስለዚህ መልእክቱን አባቴ ሰምቶታል ብላ ስልኬን ትጠብቅ ጀመር፤ እኔ ደግሞ ትምህርት በዝቶባት ነው ብዬ የእሷን እጠብቃለሁ። ባሕር ማዶና ባሕር ማዶ ሆነን አራት ቀን እንዲህ ተጠባበቅን። በአራተኛው ቀን አላስችል ብሎኝ ደወልኩ። በግራ እጇ አነሣችውና ሰላምታዬን እንኳ ሳትመልስ፣ «አባዬ፣ ስለ ጾሙ ተቆጥተኸኝ ነው?» አለችኝ።

አምስተኛ፦ ይህኛው ክስ በእናንተ ላይ አይደለም፤ በቁጥር ስለጀመርኩ ግን እሱም ቁጥሩን ይዞ ይሂድ። ልጄ የወደቀችው በጫማ አይደለም። ከሌሊቱ ጀምሮ እህልም ውኃም አልቀመሰችም ነበር፤ በዚያ የነሐሴ ፀሐይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልትቆይ አስባ ዳገት ስትወጣ ነው። እንዲህ ያደረገችው ደግሞ አውሮፕላን ጣቢያ ስሸኛት ፍልሰታን እንዳትሽሪ፣ ሰው ባያይሽ እግዚአብሔር ያይሻል ስላልኳት ነው። የንስሐ አባቴ በመንገድ ላይ ላለና በፀሐይ ለሚለፋ ሰው ውኃ እንደማይከለከል፣ ሰዓቱም እንደሚቀነስለት ነግረውኝ ነበር። እኔ ግን ካላጠበቅሁባት ትላላብኛለች ብዬ ፈቃዱን ኪሴ ውስጥ አስቀርቼ ትእዛዙን ብቻ ሰጠኋት። እናንተ አርባ ስድስት ገጽ ጻፋችሁላት፤ እኔ አንድ መስመር፤ የጣላት የእኔው ነው።

የኔነሽ ብትኖር ኖሮ እኔ ጹሚ ስል ከኋላዬ ሆና ብዪ ልጄ፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን ትላት ነበር። ልጅቷ ፈተና በነበረባት ጊዜ ሁሉ ስታደርገው አይቻለሁ፤ አይቼም አኩርፌያለሁ። አሁን ሳስበው ልጄን ያሳደጋት የእኔ ጾም ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ክቡራን ሆይ፣ ፖርታላችሁ ሁለት ሰው ካልሆነ አላሳልፍም ሲለኝ የሚያውቀውን ያውቅ ኖሯል፤ በእሱ ላይ የሰነዘርኩትን ቃል እዚሁ አነሣለሁ።

ልጄን ከክሊኒክ ወደ ቤት የወሰዷት በቤታቸው የሚያሳድሯት ሴት፣ ወይዘሮ ስላቪካ፣ ናቸው። እሳቸውም እንደ እኛ የእመቤታችንን ጾም ይጾማሉ፤ በአሮጌው አቆጣጠር ስለሚሄዱ በሳምንት ዘግይቶ ይገባላቸዋል፤ ያን ዕለት ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። ሥጋ የማይበላ ሰው ደረቅ ብስኩት ሸክፎ ይሂድ የሚለው የመጽሐፋችሁ ምክር ይህን ሁሉ ጾመኛ እንዴት እንደረሳው አላውቅም። ወይዘሮ ስላቪካ እቤት ሲደርሱ በመጀመሪያ መስኮቱን ዘጉ። ቀጥለው፣ ራሳቸው ሊቀምሱት የማይችሉትን፣ የዶሮ ሾርባ ሠሩላት። ልጄ በገጽ አሥራ ሰባት መሠረት ሦስት ጊዜ እምቢ አለች። እሳቸው የቋንቋ ነገር ባይሆንላቸው ግድግዳው ላይ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል በጣታቸው አሳዩአት፣ ከዚያ ሳህኑን አሳዩአት፣ ከዚያ ማንኪያውን ራሳቸው ያዙ። በላች። እጇ በጀሶ ስለታሰረ በየጠዋቱ ፀጉሯን የሚያበጥሩላት እሳቸው ናቸው።

በዚያው ስልክ ላይ አነጋገርኳቸው። መጽሐፋችሁ መጨረሻ ላይ ካለው የቃላት ዝርዝር፣ ከቢራና ከሽንት ቤት ቀጥሎ፣ አመሰግናለሁ የሚለውን አግኝቼ «ብላጎዳራም» አልኳቸው። ብዙ ነገር መለሱልኝ፤ ምንም ስላልገባኝ በገጽ ሦስት መሠረት በፈገግታ አዳመጥኩ። ልጄ እዚያ በለቃቀመችው ጥቂት ቃል ከዚያ ሁሉ የተረጎመችልኝ አንዱን ብቻ ነው፤ እርስዎስ በልተዋል ወይ ነው የሚሉህ አለችኝ።

ስለዚህ የምለምናችሁ አጭር ነው። ለሚቀጥለው ዓመት መጽሐፉን ስታሳትሙ ገጽ አሥራ ሰባትን ከድንጋጤ ምዕራፍ አውጡልን፤ ጫማውን እንዳለ ተዉት። ከልጄ ፋይል ላይ ደግሞ የሁለተኛዋን ተጠሪ ስም አንሥታችሁ በምትኩ የወይዘሮ ስላቪካን አስገቡ፤ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ፈቅደዋል፣ ሲደወልላቸውም ያነሣሉ። በአንደኛ ተጠሪነት እኔ እቀጥላለሁ። ስልኬንም ከእንግዲህ ቅዳሴ ላይ ስቆም ድምፁን እቀንሰዋለሁ እንጂ አልዘጋውም፤ ቄሱ ቢቆጡኝ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።

ወንበራችሁ እንደተመቸ፣ ፖርታላችሁ እንደለመለመ፣ ፋይላችሁም እንደተዘጋ ያቆይላችሁ ዘንድ እየተመኘሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ባላችኋቸው ተማሪዎችና እንኳን ደህና መጣህ ባላላችሁት አባት ስም እጅ የምነሣው፣

የአክሱማዊት አባት፣
ጥሩነህ ባህሩ፤
ከሴንት ጄምስ ታውን።

እንደገና፦ የባለቤቴን ስልክ ከመሳቢያ አውጥቼ መልእክታችሁን ሰምቼዋለሁ። በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ መልሰው ይደውሉልን ይላል። የኔነሽ ዝም የምትል ሰው ስላልሆነች መደወሏ አይቀርም፤ ነገር ግን በእኛ እምነት ሙታን የሚነሡበትን ቀን ከአብ በቀር የሚያውቅ የለም። ያ ቀን በቢሮአችሁ አቆጣጠር የሥራ ቀን ይሁን አይሁን፣ ከተቻለም እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆናችሁ፣ አስቀድማችሁ ብታሳውቁኝ ደስ ይለኛል። ለእኔ ደውሉ። ካላነሣሁ ሁለተኛ ጊዜ ደውሉ።