የፈድሊያ ሦስት እንቁላሎች

ጅማ፣ ግንቦት 10 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ አስመራ ግንባር ላለው ልጄ ለለይኩን። ይህ ወረቀት ካለህበት ደርሶ በጤና ያግኝህ። እኔ ከጸጉሬ በቀር ደህና ነኝ።

ጸጉሬ በማበጠሪያ እየወጣ ስላስቸገረኝ አሳጥሬ ቆረጥኩት። ስኳር በተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ ላይ፣ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይበላ ሰው ጸጉሩ ሊሳሳ እንደሚችል አነበብኩ። «ነገር ግን ምስርና ባቄላ» ይልና ወረቀቱ እዚያው ላይ ተቀዷል። ምስር እኮ በየቀኑ እበላለሁ። ታዲያ የጎደለኝ ምንድን ነው? ግራ ገባኝ።

ትናንት የእድራችን ወርቂቱ ጸጉሬ አጥሮ ስታየው፣ ሐዘን የተቀመጥኩ መስሏት «ምነው ውብነሽ! እኔ ሳልሰማ?» ብላ ደረቷን መታች።

«የሞተብኝ የለም!» ብዬ ጮህኩባት። እኔ ስጮህ አይተህ ታውቃለህ? ጎረቤታችን ፈድሊያ ጩኸቴን ሰምታ እየሮጠች መጣች።

«ፋሲካችሁ ካለፈ ወር አለፈው፤ አንቺ እስከ መቼ ነው የምትጾሚው? ወላሂ፣ ልጅሽ ሲመጣ መላጣ ሆነሽ ይስቅብሻል!» አለችና ሦስት እንቁላል አስቀምጣልኝ ሄደች።

የመጨረሻው ደብዳቤህ የታኅሣሥ ነው። የሚቀጥለውን እስካይ ላልገድፍ ለማርያም መሳሌን ፈድሊያ አታውቅም። እንቁላሎቹ ደግሞ በዚህ ሙቀት ብዙ አይቆዩም።

አብረውህ ላሉት ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ስትጽፍልኝ አደራህን በገዛ እጅህ ጻፈው፤ የሌላ ሰው ጽሑፍ ማንበብ አይሆንልኝም።

እናትህ ውብነሽ