የወፏ ጨዋታና የቀማሹ ጉሮሮ

ጥቅምት 22

ምራቄን በፎጣ ስጠርግ ዋልኩ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ? ስትሮኩ እጄንና እግሬን መለሰልኝ፣ ጉሮሮዬን ግን ይዞ ቀረ። ውሃ እንኳ ወደ ሳንባዬ ነው የሚሄደው። ባለቤቴ ሸዋረገጥ በአፍንጫዬ ቱቦ አጥሚት ትሰድልኛለች። ሆዴ ይሞላል፣ አፌ ባዶ። ከጎረቤት የቁሌት ሽታ ይመጣል... አፍንጫዬ ደህና መሆኑ ነው የሚያናድደኝ።

ከሰዓት ሂንድ የምትባል የመዋጥ ሕክምና ባለሙያ መጣች። ገና ልጅ ናት። አገጬ ሥር ፕላስተር የሚመስል ነገር ለጥፋ፣ ሽቦውን ከላፕቶፕ ጋር አገናኘችው። ስክሪኑ ላይ ቢጫ ወፍ። ስውጥ የጉሮሮዬ ጡንቻ ይሠራል፣ ወፏ ከቅርንጫፉ በላይ ትበራለች። ካልዋጥኩ ትወድቃለች።

"ጌም ነው ጋሼ፣ አይክበድዎ" አለችኝ።

ጌም! በዚህ ዕድሜዬ። ሸዋረገጥ በር ላይ ቆማ ሳቋን ዋጠች። እሷስ መዋጥ ትችላለች። ልጆቻችንን ከጌም ቤት በጆሯቸው እየጎተተች ያሳደገች ሴት እኮ ናት።

ወፏ ወደቀች። ደግሜ ሞከርኩ። ወደቀች።

ጥቅምት 27

ሐኪሙ ቁርጡን ነገረኝ። እስከ ገና መዋጥ ካልጀመርኩ ቱቦው በሆዴ በኩል ይገባል። የአፍንጫው ለረጅም ጊዜ አይሆንም አለ። በትህትና ነው የነገረኝ፣ ግን ያው ሆዴ ይበሳል ማለት ነው።

ሆዴን ተበስቼ የቡና ቅምሻ ጠረጴዛዬ ፊት ልቆም? ማን ያስጠጋኛል?

ኅዳር 3

ወደቀች።

ኅዳር 9

ቲጃኒ ሊጠይቀኝ መጣ። ስንት ዘመን ጎን ለጎን ቆመን ቡና ቀምሰናል፣ እኔ ስተፋ እሱ ከማንኪያው እየሳበ፣ እሱ ሲተፋ እኔ እየሳብኩ። "አካም ጅርታ፣ ለይኩን?" ብሎ ሲያቅፈኝ ኮቱ የቅምሻ ክፍሉን ሸተተኝ። ከጎማና ከጌራ የዘንድሮው ጀንፈል ቡና መግባት ጀምሯል አለ።

ወፏ ስትወድቅ አየ። "ነጋዴውን ሁሉ ስታንቀጠቅጥ ኖረህ ወፍ ታሸንፍህ?" አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

በቦታዬ ማን እንደቆመ ጠየቅኩት። ስለ ዝናቡ አወራኝ።

ኅዳር 16

ትናንት ጾም ገባ። ሸዋረገጥ የንስሐ አባታችንን በቱቦ የሚገባ ወተት ያስገድፍ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ለታመመ ሰው ምንም አይደለም አሏት። እሷ ግን አላመነችም፣ ወተቱን ትታ የአጃ አጥሚት ብቻ ሰጠችኝ።

ላልቀመስኩት ነገር ልጹም? መጾምም እኮ የሚበላ ሰው ነው የሚያምርበት።

ኅዳር 24

በረረች!

አንዴ አይደለም፣ ደጋግማ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ደረስኩ። ሸዋረገጥ አጨበጨበች፣ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ቲጃኒ ጋ አስደወልኩ። በተኮላተፈ አፌ "ቦታዬን አስለቅቅልኝ" አልኩት።

ታኅሣሥ 2

አምስተኛ ደረጃ። ወፏ አሁን የምትታዘዘው ለእኔ ብቻ ነው።

ሂንድ ግን ደስ አላላትም። ስክሪኑን ትታ አንገቴን ታያለች። ምን ፈለገች? ፎጣው ደግሞ እንደ ድሮው ርሷል... ለምን እንደሆነ እንጃ።

ታኅሣሥ 5



ሂንድ ጣቷን ማንቁርቴ ላይ አሳረፈች። "እስቲ አሁን ያብርሯት" አለችኝ። አበረርኳት። ከፍ ብላ በረረች። ሂንድ ላፕቶፑን ዘጋችው።

"ጋሼ ለይኩን፣ ወፏ በረረች። ማንቁርትዎ ግን ከቦታው አልተነሳም። አልዋጡም።"

ውሸታም አልኳት። ከዚያ ራሴ ጣቴን አስቀምጬ ሞከርኩ። እውነቷን ነው። ምላሴን ወደ ላንቃዬ እገፋለሁ፣ አገጬ ሥር ይጠነክራል፣ ምራቁን ሰብስቤ እይዛለሁ፣ ከዚያ ፎጣው ላይ እተፋለሁ። ለወፏ ጥንካሬው በቂ ነው። እሷ መዋጥና መያዝን ምን ለይታ ታውቃለች?

የቅምሻ ሥራ ነው ይሄ። ስበህ፣ ይዘህ፣ ፈርደህ ትተፋለህ። ቀኑን ሙሉ የሚቀምስ ሰው የቀመሰውን ቢውጥ ልቡ ይፈነዳል። ቤቴ ስገባ ግን እንደ ሰው በልቼ እጠጣ ነበር። ስትሮኩ የሰውየውን ጉሮሮ ወሰደና የቀማሹን አፍ ተወልኝ።

ሂንድ በራሷም ተናዳለች። "እኔም ነጥቡን እያየሁ ተታለልኩ" አለች። ዳግመኛ እንዳትመጪ ብዬ አባረርኳት።

ታኅሣሥ 6

መጣች። ምን ዓይነት ልጅ ናት?

ፎጣውን አንስታ ለሸዋረገጥ ሰጠቻት። "ሲያስፈልግዎ እኔ አቀብልዎታለሁ" አለች። ከእንግዲህ የገዛ ጣቴ ማንቁርቴ ላይ ይሆናል፣ ከጣቴ ሥር ካልተነሳ ወፏ ብትበርም አይቆጠርም።

ወደቀች። ወደ መጀመሪያው ደረጃ ተመለስኩ።

ታኅሣሥ 14

ፕላስተሩን ነቅዬ ወረወርኩት። ሸዋረገጥ አንስታ "አንተስ ሕፃን መሆን አያምርብህም" አለችና ወጣች። ጓሮ ስታለቅስ ሰማኋት። አንጀቴን በላችው። ንዴቴ ግን አልበረደም... የቀረችው ጥቂት ቀን ናት፣ ጉሮሮዬ ድንጋይ ነው። ገና ለሰው ሁሉ ሲመጣ ለእኔ ቢላዋ ይዞ ሊመጣ ነው።

ታኅሣሥ 19

አንዴ። ከጣቴ ሥር ተነሳ!

አመመኝ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ወፏ ቅርንጫፉን ታክካ አለፈች፣ የምታሳፍር አበራረር ነው። ሂንድ "አልሐምዱሊላህ" አለች። መድገም አቃተኝ።

ታኅሣሥ 27

ፈተና። ሐኪሙ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገብቶ ወፍራም አጥሚት በማንኪያ ሰጠኝ። ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ ዋጥኩ። አሳለኝ። ደግሜ ዋጥኩ። ምስሉን አየና "ሆድዎን ለጊዜው አንነካም፣ ልምምዱን ይቀጥሉ" አለኝ።

ለጊዜው... እሱም ይሁን።

ጥር 16

ትናንት ቱቦው ወጣ። ወፍራም ወፍራሙን ብቻ፣ በማንኪያ፣ ቀስ ብዬ።

ዛሬ ቲጃኒ ከአዲሱ ቡና ናሙና ይዞ መጣ። ሂንድ በማወፈሪያ ዱቄት አጥሚት አስመሰለችው። እንዲህ ያለ ነገር ቢቀርብልኝ ድሮ ከነማንኪያው እወረውረው ነበር። ቲጃኒ ልማድ ሆኖበት መትፊያ ኩባያ አጠገቤ አስቀመጠ። ላፕቶፕ የለም፣ ወፍ የለም። ሸዋረገጥ በር ላይ ቆማለች።

አፌ አደረግኩት። ምላሴ የድሮ ሥራውን ጀመረ፣ ሰብስቦ ሊይዝ... ጣቴን አንገቴ ላይ አሳረፍኩ። ተነሳ። ወረደ።

"ምን አገኘህበት?" አለ ቲጃኒ።

"አላውቅም። ዋጥኩት።"

ኩባያውን ከአጠገቤ አነሳው። ሸዋረገጥ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ዕድሜዬን ሙሉ አፌ የገባ ቡና ከየት እንደመጣ ስናገር ኖሬአለሁ። የዛሬው የት እንደሄደ ብቻ ነው የማውቀው።