ለአማካሪዋ እውነቱን ነገርኳት

ሆዴ፣ እግርሽ የረገጠው ሁሉ ይለምልምልሽ፤ ክፉ አይይሽ። አክስትሽ ጥርሷን አስነቅላ ወሬ ቀንሳለች፤ ጎረቤቱ አርፏል።

አባትሽ ሚስቶቻቸውን የመቱ ወንዶች ክብ ሠርተው እየተቀመጡ የሚመከሩበት ቡድን በየሳምንቱ ይሄዳል። «እሱ ሲጨርስ እመጣለሁ» ብለሽ ከጻፍሽልኝ ወዲህ ሸሚዙን ተኩሼ የምሸኘው እኔው ነኝ። የቡድኑ አማካሪ ለብቻዬ እየደወለች፣ «እማማ፣ ቤት ውስጥ እንዴት ነው?» ትለኛለች።

«ኧረ በግ ሆኗል» እላት ነበር። ዓይንሽን ለማየት ስል ዋሸሁ፣ ልጄ።

ማክሰኞ ምሳው ቀዘቀዘ ብሎ ቀኝ ክንዴን ጠመዘዘው። በማግስቱ አማካሪዋ ስትደውል ስልኩን በግራ እጄ ያዝኩና፣ «የኔ ልጅ፣ ዋሽቼሻለሁ፤ ያው እንደ ድሮው ነው» አልኳት። «ዛሬ የት ያድራሉ?» አለችኝ። እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ አለቀስኩ።

አሁን አክስትሽ ዘንድ ነኝ፤ ክንዴም በወጌሻ ታሽቷል። እሱ ምክሩን ከመጀመሪያው ይጀምራል ተብሏል። ስለዚህ ዘንድሮ አትምጪ። ቲኬት ቆርጠሽ ከሆነ መልሺው። ናፍቆትሽ አንጀቴን ቢበላውም ሌላ ውሸት አልጨምርም። ድምፅሽን ብቻ አትንፈጊኝ፤ በአክስትሽ ስልክ ደውዪልኝ።

እጅ የማይሰነዘርበት ትዳር ይስጥሽ።

እናትሽ