ጃንጥላው እስኪወርድ

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፣

እንዴት ነሽ? ያ የወገብ ሕመምሽ ተሻለሽ ወይ? ባልሽስ እንዴት ነው? መንትዮቹስ አሁንም መስኮት አጠገብ እኔ ልተኛ እያሉ ይጣላሉ? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ቆሜ እሄዳለሁ፤ እጄም መቀስ ይይዛል። ሌላ ጊዜ ገና ከሰላምታው ስለ እማዬ እንደምጽፍልሽ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ልጽፍልሽ ፈልጌያለሁና ታገሺኝ። ዘለሽም መጨረሻውን እንዳታነቢ። ምርቃቷ እንደ ልማዳችን መጨረሻው ላይ አለ።

ዛሬ ጠዋት ሃሎ ሃሎ ብለሽ መልስ ያጣሽበት ስልክ የእኔ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ተሳሰረብኝ። አፍ ያልቻለውን እጅ ይችል እንደሆነ ብዬ ነው ወረቀት የያዝኩት።

የሰፈራችንን አሮጌ ሽንት ቤት መቼም አትረሺውም። በሩ ከውስጥ ስለማይቆለፍ ሁሉም የየራሱ ምልክት ነበረው። ዳቦ ጋጋሪው ያፏጫል፣ ጡረተኛው ሹፌር ያስነጥሳል። እማዬ ደግሞ በጋም ሆነ ክረምት ጥቁር ጃንጥላዋን በሩ ሚስማር ላይ ታንጠለጥላለች። ጃንጥላው ከተሰቀለ የሰፈሩ ጉልቤ እንኳ ራቅ ብሎ ፊቱን አዙሮ ይቆማል። አንቺ አንድ ቀን ጃንጥላውን ሰርቀሽ ሮጠሽ መኪና አጣቢው በሩን በላይዋ የከፈተባት ጊዜ የቀመስሽው ቁንጥጫ ትዝ ይልሻል? እሷ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስታወራው ትስቅ ነበር።

ያ ቤት ፈርሶ በአዲስ ይሠራ ተብሎ ከወረዳው ቢሮ ሰዎች ሲመጡ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከእንግዲህ ሥራውን ነዋሪው ራሱ ይቆጣጠራል፣ ነዋሪው ካልፈረመ ኮንትራክተሩ ቀሪ ክፍያውን አያገኝም አሉን። ጥሩ ነገር ነው። ከሆነው ሁሉ በኋላ ዛሬም ጥሩ ነገር ነው እላለሁ። የተቆጣጣሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ ማን ይሁን ሲባል አትክልት ሻጯ እትዬ ሚዛን ብድግ ብላ፣ በዚህ ሰፈር የሚሽከረከር ወንበር ያለው ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ስለሆነ ሊቀ መንበር እሱ ይሁን አለች። ሰው እየሳቀ እጁን አወጣ። ወንድምሽ በዚህ ዓይነት ተሾመ። እትዬ ሚዛን ማለት ያቺው የእማዬ ባልንጀራ ናት፤ ስትመዝን አንድ ድንች ትጨምራለች እንጂ አጉድላ ስለማታውቅ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የወጣላት ስም ነው። እሷም ኮሚቴ ውስጥ ገባች።

በዚያ ስብሰባ እማዬም እጇን አወጣች። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው በተሰበሰበበት ትንፍሽ የማትለዋ እናታችን ተነስታ፣ ጉልበቴ አንዴ ከታጠፈ አልነሳም ይለኛል፣ ይዤ የምነሳበት ብረት ግድግዳው ላይ አድርጉልኝ አለች። ሴቶቹ አጨበጨቡላት። ከቢሮ የመጣው ወጣት መሐንዲስም እዚያው ፕላኑ ላይ ብረቱን በቀይ ሣለላት። ቁመቱ ልክ እንዲሆን ብዬ ክንዷን አስዘርግቼ እኔው ለካኋት። ቤት ከገባን በኋላ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት ስለ ጉልበቴ አወራሁ እያለች በሳቅ ስትንከተከት አመሸች።

አሮጌው በአንድ ጠዋት ፈረሰ። አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ቆመ። ግድግዳው ነጭ፣ በሩ ብረት፣ የሴትና የወንድ የተለየ፤ ከሩቅ ላየው ክሊኒክ ይመስላል። የርክክቡ ዕለት እትዬ ሚዛን በፕላኑ ጥልቀት ልክ በተቆረጠ ገመድ ድንጋይ አስራ በቀዳዳው ወደ ጉድጓዱ ሰደደችው። ገመዱ ገና ከእጇ ሳያልቅ ድንጋዩ መሬት ነካ። ጉድጓዱ ፕላኑ ላይ ካለው ግማሹን እንኳ አልተቆፈረም። ሲሚንቶ አልብሰው አሳምረው ከድነውታል። የእማዬ ብረትም የለም፤ ግድግዳው ልሙጥ ነው።

አልፈርምም አልኩ። ኮንትራክተሩ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ፈገግ አለ። እንግዲያው ያልተረከባችሁትን ቤት መጠቀም አይቻልም ብሎ ትልቅ ጓጉንቸር አንጠልጥሎበት ሄደ። አቤቱታ ይዤ ቢሮ ስሄድ ቁልፉ ኮንትራክተሩ ዘንድ ነው ይሉኛል። እሱ ዘንድ ስሄድ ፊርማው አንተ ዘንድ ነው ይለኛል። አሮጌው ፈርሷል፣ አዲሱ ተቆልፏል። ሁለት ያጣ ጎመን ሆነን አረፍነው። ነጩ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆመን ላም አለኝ በሰማይ ስንል የሚያየን ሁሉ ይስቅብን ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰዉ እንደየአቅሙ ሆነ። ያልደከመው ዋናውን መንገድ ተሻግሮ አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ይሄዳል። ሌላው ቦዩ ዳር ይወርዳል። የቀረውን አልነግርሽም፤ ሆድ ይፍጀው። እኔ ሱቅ ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ፈርምና ይክፈቱልን ይለኛል። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ይዤ እንኳ የሚፈራኝ ጠፋ። ልብስ አጣቢዋማ ደጃፌ ላይ ቆማ፣ አንተ ምን ቸገረህ፣ ወንድ ነህ፣ ያገኘኸው ግድግዳ ሁሉ ያንተ ነው አለችኝ። ደንበኞቼ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ደፋሁ። እውነቷን ነው።

እማዬን ልፈርም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። መካከለኛችንን የወሰደብንን ክረምት ረሳኸው ወይ አለችኝ። አንቺ ጡት ላይ ስለነበርሽ አታስታውሺውም። ያኔም ጉድጓዱ ጥልቀት አልነበረውምና በዝናቡ ሞልቶ እስከ አልጋችን እግር ድረስ ገባ። ልጁን ተቅማጥ ያዘው፤ ብዙም አልቆየ። እማዬ ስሙን ስትጠራ ሁልጊዜ ድምጿ ይቀንስ ነበር። አንተ ከፈረምክ እነሱ ገንዘባቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ ክረምት ሲመጣ የሰው ልጅ ይቀበራል፣ ለእኔ ጉልበት ብለህ እንዳትፈርም፣ እኔ እንደምንም እሆናለሁ አለችኝ።

እንደምንም እሆናለሁ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ወንድ ልጅ እናቱን እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ብሎ ይጠይቃል? አንቺ ብትኖሪ ትጠይቂያት ነበር። ልወቅስሽ ብዬ አይደለም፤ ሰው ሲጨንቀው የሌለውን ሰው ስለሚጠራ ነው።

ሻይ ስሰጣት ያቃጥላል፣ ይብረድልኝ ትላለች። ሲበርድ ደግሞ በረደ ትላለች። ሾርባው ጨው በዛበት ብላ ትመልስልኛለች፤ ጨው ሳልጨምርበት። እርጅና ነው አልኩ። ከንፈሯ ሲሰነጣጠቅ ቅባት ገዛሁላት። አየሽ እህቴ፣ ቅባት ነው የገዛሁላት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እትዬ ሚዛን አትክልቷን ሜዳ ላይ በትና ሱቄ ድረስ እየሮጠች መጣች። ግማሽ ፀጉሩን የላጨሁትን ሰውዬ ከነፎጣው ትቼ ወጣሁ። እማዬ ደጃፉ ላይ ወድቃለች፤ ጃንጥላዋ በእጇ ነው፣ ወደ መናኸሪያው ልትሄድ ተነስታ ነበር። ጤና ጣቢያ አደረስናት። ነርሷ የክንዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ። ይህች ሴት ደርቃለች፣ ኩላሊቷ ተጎድቷል፣ ለመሆኑ ቤታችሁ ውሃ የለም ወይ ብላ ጮኸችብኝ። ውሃስ አለ አልኩ።

ደጅ ስንወጣ እትዬ ሚዛን ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እማዬ ለካ ከጠዋት እስከ ማታ ምላሷን ከማራስ በቀር አትጠጣም ነበር። እግሯ መናኸሪያው ድረስ አያደርሳትም፣ ቦይ ዳር መቀመጥ ደግሞ ሞቷ ነው። ልጄ ይህን ከሰማ ይፈርማል ብላ እትዬ ሚዛንን አስምላታለች። ሚዛንም ለባልንጀራዋ ቃል ገብታ ዝም አለች። ምን ልበላት? እኔ ቤት ውስጥ አብሬያት እየበላሁ ያላየሁትን እሷን ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ልጣላት?

በዚያው ቢሮ ሄድኩ። አምጡት ልፈርም አልኩ። መሐንዲሱ ደስ ብሎት ከመቀመጫው ተነሳ። አቤቱታችሁ ተቀባይነት አግኝቷል፣ ኮንትራክተሩ ጉድጓዱን እንደገና እንዲቆፍርና ብረቱን እንዲገጥም ታዟል፣ ዛሬ ከፈረምክ ግን ትዕዛዙ ይቀራል፣ ልፋታችሁን ሁሉ ውሃ ይበላዋል፣ ትንሽ ታገስ አለኝ። እናቴ ታማብኛለች አልኩት። እኚያ ስለ ጉልበታቸው የተናገሩት ናቸው ወይ ብሎ ደነገጠ፤ ይማራቸው ብሎም ትከሻዬን ያዘኝ። እሱስ ምን ያድርግ? እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መልሼ ወጣሁ። ብፈርም የመካከለኛችን ክረምት ይመጣል። ባልፈርም እሷ እዚያ ተኝታለች። ደግሞስ በሩ ቢከፈትላት ምን ይዛ ትነሳለች? መንገድ ላይ ቆሜ ወዴት እንደምሄድ ጠፍቶኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በአፏ እምቢ ያለችውን ውሃ በክንዷ ሰጧት። አንድ ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ ፈረምክ ወይ አለችኝ። አልፈረምኩም አልኳት። ጎበዝ አለችኝ። ስለዚህ ነገር ከዚያ ወዲያ አላነሳችም። ያንቺን ልጆች እያነሳች ግን ብዙ አወራች፤ መስኮቱ አጠገብ በተራ ይተኙ በልልኝ ብላለች።

ቆፋሪዎቹ መጡ። እትዬ ሚዛን ገመዷን ይዛ አናታቸው ላይ እየቆመች አስቆፈረቻቸው፤ ድንጋዩ ሲወርድ በመጨረሻ ገመዱ አለቀ። ብረቱም ተገጠመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ? ትናንት ለርክክብ ሲከፍቱልኝ ብቻዬን ገባሁና ጨብጬው ቁጢጥ ብዬ ተነሳሁበት። ቁመቱ እንደለካኋት ልክ ነው። ያኔ ፈረምኩ። ከዚያ ይህን ልነግራት፣ ደህና አድርገው ገጥመውልሻል ልላት በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጥኩ። ነርሷ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ትናንት አልተቆጣችኝም። ወንበር ስባ ተቀመጥ አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ጓጉንቸሩ ወለቀ። ሰዉ እንዲያ የጓጓለት ቤት ነውና ገና በማለዳ ተሰልፏል። እኔ ደጃፋችን ላይ ጎረቤት ባመጣው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ አያለሁ። እትዬ ሚዛን ከቤታችን የእማዬን ጃንጥላ ይዛ ወጣች፤ ሰልፉን አቋርጣ ሄዳ የሴቶቹ በር እጀታ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ራቅ ብላ ፊቷን አዙራ ቆመች። ልብስ አጣቢዋም ፊቷን አዞረች። አንድ በአንድ ሰልፉ በሙሉ ፊቱን አዞረ። ውስጥ ማንም እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚጣደፉም ነበሩ፤ ግን ጃንጥላው እስኪወርድ ድረስ የገባ የለም። እትዬ ሚዛን አሮጊት ሴት ሳትጣደፍ የምትጨርስበትን ያህል ጠብቃ አወረደችው።

ከሌላ ሰፈር የመጡ ሰዎች እንዴት እንደተሳካላችሁ ንገሩን እያሉ ሲጠይቁ ነበር። እኔን ጠቆሟቸው። ቀርበው ሁኔታዬን ሲያዩ ሳይጠይቁኝ ተመለሱ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርሰው የአውቶቡስ ሹፌር አስቀድሞ ለባልሽ እንዲሰጠው አደራ ብዬዋለሁ። ብቻሽን እንዳትመጪ። ልጆቹንም ይዛችኋቸው ኑ። እስክትደርሺ እንጠብቅሻለን፤ ያለ አንቺ የምናደርገው ነገር የለም። ቤቱ ሰው ሞልቶበታል፣ የምጽፈውም ጉልበቴ ላይ ነውና ለእጅ ጽሑፌ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ምርቃቱ ይኸውልሽ። ሁልጊዜ እሷ እያለችኝ ነበር የምጽፈው፤ ዛሬ ከማስታውሰው ነው። የወለድሻቸው ይጡሩሽ። ደጅሽ ሰው አይጣ። ከወጣሽበት በሰላም ይመልስሽ። የሰው ፊት አያሳይሽ። ጉልበትሽን አይንሳሽ።

ስጨርስ ሁልጊዜ እስቲ አንብበው ትለኝ ነበር አይደል? ዛሬም ጮክ ብዬ አነበብኩት። ልክ ነው፣ እሽገው የሚለኝ ግን የለም።

ወንድምሽ