ክላውዱን በኪሳቸው ለያዙት ዳይሬክተር

ለተከበሩ አቶ አምባዬ፣
የኮሌጃችን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በተለይም ለስልክዎ ባትሪ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የእኛ የተማሪዎችዎ ዕጣ በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ቻርጅ እንዳያልቅበት ዘወትር እንጸልያለን። የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው።

1ኛ. የመመረቂያ ጽሑፎቻችንን ከአሮጌው ሰርቨር ክላውድ ወደሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ አዛውረው፣ የካ አባዶ ቤቴ ተቀምጬ በፈለግሁት ሰዓት ጽሑፌን መክፈት እንደምችል በአዳራሽ ስላበሠሩን አመሰግናለሁ። ለመክፈት የሚያስፈልገው የማረጋገጫ ቁጥር የሚላከው ወደ እርስዎ የግል ስልክ ብቻ መሆኑን ያልነገሩን፣ ደስታችንን ላለማደብዘዝ ብለው እንደሆነ እረዳለሁ። ያለ ኃላፊ ፊርማ እስክሪብቶ እንኳ ከግምጃ ቤት በማይወጣበት ኮሌጃችን፣ እንዲህ ባይሆን ነበር የሚገርመው።

2ኛ. ጽሑፌን በፈታኞች ፊት በማቀርብበት ዕለት ክላውዱ ቁጥር ጠየቀ፤ የእርስዎ ስልክ ግን አይነሳም። በፍላሽ ይዤው ብመጣም፣ እርስዎ በፈረሙት መመሪያ መሠረት ከክላውድ ያልተከፈተ ጽሑፍ እንደማይታይ በትሕትና ተነገረኝ። እንጦጦ ላይ ሥልጠና ገብተዋል ስለተባለ፣ ሾላ ላይ ታክሲ ተጋፍቼ፣ የቀረውን ዳገት በባሕር ዛፉ መሐል በእግሬ ወጣሁት። የበሩ ጥበቃ ጋሽ ነገሳ፣ የሠልጣኞች ትኩረት እንዳይበተን ስልክ ሁሉ ተሰብስቦ ካርቶን ውስጥ መቀመጡን፣ የእርስዎም ሲጮህ ማርፈዱን፣ እስከ ምሳ ሰዓት ደግሞ ማንንም እንዳያስገቡ መታዘዛቸውን ነገሩኝ። በሩ ላይ የተሰቀለው የሥልጠናው ርእስ «ክላውድ ለተቀላጠፈ አገልግሎት» ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ብዬ ተመለስኩ።

3ኛ. ፈታኞቹ ተበትነው ቀጠሮዬ ለሚቀጥለው ዓመት ስለተላለፈ በጣም ተናድጃለሁ፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ የምገልጽበት መንገድ አላገኘሁም። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዲግሪዬን ጠብቆ ሊሰጠኝ የነበረውን የርእሰ መምህርነት ቦታ ለባልደረባዬ ሰጥቶታል። እኔም በእርስዎ ስም እንኳን ደስ ያለህ ብዬዋለሁ።

ስልክዎን በትዕግሥት የምትጠባበቀው፣
የዘንድሮ ተመራቂ ለመሆን አንድ የማረጋገጫ ቁጥር የጎደላት፣
ማዕዶት ገመዳ
ከየካ አባዶ

ማሳሰቢያ፦ ጥናቴ የሚያወራው ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ክላውድ ሲያስገቡ ስለሚገጥማቸው እንቅፋት ነው። አማካሪዬ ዶክተር ፊልሞና ተጨባጭ ማስረጃ ይጎድለዋል ይሉኝ ስለነበር፣ አሁን ስለ እርስዎ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጨምሬበታለሁ። ክላውዱ ላይ ግን አልጫንኩትም፤ ሰው እንዲያነበው እፈልጋለሁ።